ጨጓራው ግማሽ ሲኒ፣ ማዕዱ ሙሉ

ቡና ጠጥታችሁ ከሆነ ሲኒዋን ከረከቦቱ ላይ አንሡና ተመልከቷት። ባይፓስ በሚባለው የውፍረት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከጨጓራው አናት ላይ ለይቶ የሚያስቀራት ከረጢት የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሲኒ ብትሆን ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ ደግሞ ጨጓራን በቁመቱ ቆርጦ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ያወጣና የቀረውን እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ያደርገዋል። ሥራው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሆድም እንደ ድሮው በሰፊው አይቀደድም፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ይሠራል። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለነዚያ ሰዓታት ሳይሆን ከዚያ በፊት ስላሉት ወራትና ከዚያ በኋላ ስላለው ዕድሜ ነው። የምከራከረውም አንድ ነገር ነው። የሚቆረጠው ጨጓራ የአንድ ሰው ነው፤ የሚበላበት ማዕድ ግን የቤቱ ሁሉ ነው። ስለዚህ አዲሱን ኑሮ መልመዱን ለታካሚው ብቻ ከተውነው የሥራው እኩሌታ ሳይሠራ ይቀራል። በነገራችን ላይ ዓመታትን ስጠቅስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ቀዶ ጥገናው ምን እንደሚሠራ እንይ። ብዙ ሰው "ሆድ ጠበበ፣ ምግብ አነሰ፣ ሰውየው ከሳ" ብሎ ነው የሚረዳው። ነገሩ የተጀመረውም በዚህ በመሰለ ምልከታ ነበር። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ኤድዋርድ ሜሰን፣ በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የወጣላቸው ሴቶች ክብደት መጨመር እንደሚያቅታቸው አስተዋሉ፤ በ1966ም ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆነው የመጀመሪያውን የጨጓራ ባይፓስ ሠሩ። የጨጓራው መጥበብ ብቻውን ሁሉን እንደማያስረዳ የታወቀው እየቆየ ነው። በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ለአንጎል "ራበኝ" የሚለውን መልእክት ያደርሳል። ስሊቭ ቆርጦ የሚያወጣው ይህንኑ ክፍል ነው። በባይፓስ ደግሞ ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ አልፎ ወደ ታች ስለሚገባ፣ አንጀት የጥጋብ ሆርሞኖችን ከቀድሞው አብልጦ ይረጫል። የስኳር ሕመምተኛው ገና ብዙ ኪሎ ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ የኢንሱሊን ፍላጎቱ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ቀዶ ጥገናው የሚነካው ከረጢቱን ብቻ አይደለም፤ በሆድና በአንጎል መካከል ያለውን ንግግርም ይለውጣል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። "ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው የሚሄድበት አቋራጭ ነው" የሚሉ አሉ። ይህን የሚለው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሮጦና ምግቡን ቀንሶ አምስት ስድስት ኪሎ ያወረደ ሰው ሌላውም እንደ እሱ የሚችል ይመስለዋል። ማስረጃው ግን ሌላ ነው የሚናገረው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረው ነበር። ሰዎቹ በውድድሩ ወቅት በአማካይ 58 ኪሎ አውርደዋል፤ ከዚያ ውስጥ 41ዱ ተመልሷል። መመለሱ ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ጉልበት በእነሱ ክብደት ካለ ሰው ከሚጠበቀው ከስድስት ዓመት በኋላም በቀን ወደ 500 ካሎሪ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው። ሰውነት መክሳትን እንደ ክፉ ቀን ቆጥሮ ጎተራውን ይቆልፋል። ከዚህ ጋር በየቀኑ መታገልን ስንፍና ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ይህ ሲባል ግን ቀዶ ጥገናው ለቦርጭ ማጥፊያ የተሠራ ነገር አይደለም። ሐኪሞች ለመነሻ የሚጠቀሙበት መለኪያ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቢኤምአይ ነው። በ1991 በወጣው የአሜሪካኖች መመሪያ መሠረት 40ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ሰው ነበር የሚታሰበው። በ2022 የዚህ ቀዶ ጥገና የሙያ ማኅበራት መመሪያውን አሻሽለው ደረጃውን ወደ 35፣ የስኳር በሽታ ላለበት ደግሞ ወደ 30 አውርደውታል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ለሆነ ሴት 35 ማለት 95 ኪሎ ገደማ ነው። አደጋውም ቢሆን ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም፤ በ2009 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ክትትል በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሞቱት ከ1,000 ሰው 3 ያህል እንደሆኑ አሳይቷል። ጥቂት ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም።

ውጤቱን በረጅም ጊዜ ለማየት ስዊድኖች በ1987 የጀመሩትን ጥናት የሚያህል የለም። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ በክብደትና በዕድሜ ከሚመስሏቸው ካልተሠራላቸው ሰዎች ጋር እያነጻጸሩ ለአሥርታት ተከታተሏቸው። በ2020 የወጣው ዘገባ የተሠራላቸው ካልተሠራላቸው በ3 ዓመት ገደማ ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳላቸው ገልጿል። በዚያው ዘገባ ላይ ሌላም ቁጥር አለ፤ አስተዋዋቂዎች አይጠቅሱትም። እነዚሁ ሰዎች ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሜያቸው በ5 ዓመት ተኩል ያጥራል። የክብደቱም ነገር እንዲሁ ነው። ትልቁ ቅነሳ የታየው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጥቂቱ እየተመለሰ፣ በአሥረኛው ዓመት ባይፓስ የተሠራላቸው ከመነሻው 25 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ሩብ የሚሆነውን ክብደት ለአሥር ዓመት አውርዶ መቆየት በምግብ ቁጥጥር ብቻ እምብዛም ያልታየ ነው፤ ስለዚህ "ይመለሳል፣ ስለዚህ ከንቱ ነው" የሚለው አያስኬድም። ግን መቼ መመለስ እንደሚጀምር ልብ በሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ጠያቂው ሁሉ "አሁንማ ዳነች" ብሎ ከተበተነ በኋላ፣ ሰሐኑም ቀስ በቀስ ወደ ድሮው መጠን ሲመለስ። ያን ጊዜ ከታካሚዋ ጋር የቀረው ማዕዱ ነው።

ታካሚዋ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በየአገሩ ይህን ቀዶ ጥገና ከሚያደርጉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ምግቡን የምታበስለውም፣ ሌላው እንዲበላ የምትለምነውም ብዙ ጊዜ ራሷ ናት።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ማቆም አለበት፤ ስፌቱ እንዲድንና በኋላም ቁስለት እንዳይወጣበት። በእኛ አገር በእጅጉ የተስፋፋው ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ተመርምሮ መታከም ይኖርበታል። በብዙ ቦታ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ስብና ስኳር፣ እንጀራና ዳቦም የተቀነሰበት ጥብቅ ምግብ ይታዘዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉበት ከጨጓራ ላይ ተኝቶ ነው ያለው፤ በስብ ካበጠ ሐኪሙ ከሥሩ ገብቶ ለመሥራት ይቸገራል፣ አንዳንዴም ሥራውን አቋርጦ ይወጣል። እንግዲህ በእነዚያው ሳምንታት ነው ዘመድ "ከእንግዲህማ መብላት ላትችይ ነው" ብሎ የመሰናበቻ ግብዣ የሚደግሰው። ክትፎው፣ ዶሮው፣ ጠጁ ይቀርባል። ደጋሹ ፍቅሩን እየገለጸ ነው፤ ጉበቷ ግን ፍቅርን ከቅቤ አይለይም። ጉዳዩ የቤተሰብ ነው የምለው ከዚህ ይጀምራል። መመሪያውን ሰምታ የመጣችው አንዲት ሴት ናት፤ ያልሰሙት ደግሞ ዐሥር ሰዎች ናቸው።

እነዚያን ወራት ለልምምድ መጠቀም ይቻላል። ከምግብ ጋር ውሃ አለመጠጣት፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል መቆየት፣ ጉርሻን ማሳነስ፣ ሾርባ እስኪመስል ማላመጥ፣ አንድን ትንሽ ሰሐን ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ወስዶ መጨረስ። በወሬ ቀላል ነው። በርበሬው የገባበት ወጥ እየተበላ ውሃ ሳይጠጡ ለመቆየት ሞክሩት እስቲ! ስለዚህ ወጡ ራሱ መለወጥ አለበት፤ ወጡ ከተለወጠ ደግሞ የሚለወጠው የሁሉም ነው። እንጀራም የራሱ ጠባይ አለው። ዓይኑ ስፖንጅ ነው፤ ወጡን ይመጥጣል፣ ሆድ ውስጥም ያብጣል፣ በደንብ ካልታኘከ ተጠቅልሎ በጠባቧ መውጫ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ታካሚዎች መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ እየተባለ ሳምንታት ቆይተው ወደ ተለመደው ሲመለሱ፣ እንጀራና ዳቦ ወደ ኋላ ከሚቀሩት ምግቦች ውስጥ የሚሆኑት።

አሁን ከቀዶ ጥገናው ሦስት ወር አለፈ እንበል፤ ቀኑም ፋሲካ ነው። መሶቡ ተከፍቷል። ታካሚዋ ማግኘት ያለባት ፕሮቲን በቀን 60 ግራምና ከዚያ በላይ ነው፤ የዐሥር እንቁላል ያህል ማለት ነው። ግማሽ ሲኒ ወይም ሁለት ሲኒ በምትይዝ ጨጓራ ይህን ለመሙላት ደንቡ አንድ ነው፦ ፕሮቲኑ ይቅደም። ከዶሮ ወጡ ግማሽ እንቁላል፣ ከአጥንቱ የወለቀች ለስላሳ ሥጋ፣ ትንሽ አይብ፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ በመጨረሻ። እዚህ ላይ አክስት እጇን ትዘረጋለች። ጉርሻው የጡጫ ያህላል፣ ውስጡም እንጀራ ነው። "በሞቴ!" ይባላል፤ እንቢ ማለት ማስቀየም ነው፤ አፍ ይከፈታል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከደረት አጥንቱ ሥር ድንጋይ እንደተቀመጠ ዓይነት ሕመም ይመጣል፣ አፍ በምራቅ ይሞላል፣ ሰውነት በላብ ይጠመቃል፣ ታካሚዋ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ሁለተኛው ጉርሻ ይጠብቃታል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላልና። በባይፓስ ደግሞ ጣፋጩ ሌላ ጣጣ አለው። ለስላሳ መጠጥ ወይም ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ በ15 እና በ30 ደቂቃ መካከል ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይላወሳል። ምክንያቱን ያልተነገረው ቤተሰብ ዓይነ ጥላ ቢለው አልፈርድበትም።

"ታዲያ ባህላችንን እናጥፋ?" የሚል አድማጭ ይኖራል። ጉርሻ የፍቅር ማሰሪያ ነው፤ ለአንድ ሰው ጨጓራ ተብሎ የማዕድ ወግ አይፈርስም ይላል። ተቃውሞውን አከብራለሁ፤ መነሻው ግን ስሕተት ነው። የእኛ ማዕድ ለአንድ ሰው ልዩ ቦታ መስጠትን ከጥንትም ያውቅበታል። የሚጾም ሰው በተቀመጠበት በሞቴ እያለ ሥጋ የሚያጎርስ አለ? አራስ ቤት ስንገባ ገንፎው ለአራሷ መሆኑን ማን ያስታውሰናል? የስኳር ሕመም ላለበት አባት ሻዩ ሳይጣፍጥ ለብቻ ይቀርባል፤ ማንም የማዕድ ወግ ፈረሰ አላለም። ማዕዱ "ለእሷ ይህ አይሆንም" የሚለውን አንዴ ከሰማ ራሱ ዘብ ይቆማል። የጎደለው ወጉ ሳይሆን ወሬው ነው። ጉርሻም ቢሆን አይቀር፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ ከእንጀራው ይልቅ እንቁላሉ የበዛበት ይሁን።

ስለ ጾም ካነሣን፣ ከሐኪም ዘንድ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚቀር ጉዳይ ነው፤ በተለይ በውጭ አገር ለሚታከሙ ወገኖቻችን፣ ሐኪሙ የእኛን ጾም ስለማያውቀው። የኦርቶዶክስ ጾም ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል። እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ ምንም አለመቅመስ አለ፤ ከዚያም በኋላ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ለትንሽ ጨጓራ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ሙሉ ጨጓራ ያለው ሰው ጠዋት ያልጠጣውን ውሃ ከሰዓት በሁለት ብርጭቆ ያካክሳል፤ ይህች ግን በመጎንጨት ብቻ ስለምትቀበል የጎደለው ጎድሎ ይቀራል። የረመዳን ጾምም በዚህ በኩል ያው ነው። ሁለተኛውን ግን በብልሃት መያዝ ይቻላል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ የተከካ ባቄላ፣ አኩሪ አተር ሲላሙ ለስላሳም ናቸው፣ ፕሮቲንም አላቸው፤ የሚፈለገውን ያህል ለመድረስ ግን የሚከታተላት ሐኪም ምክር ያስፈልጋል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከንስሐ አባት ወይም ከሼሁ ጋር መነጋገር ከሕክምናው ክፍል አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከምግቡ እኩል የሚከብደው ወሬው ነው። እኛ ዘንድ "ወፈርክ" ለረጅም ጊዜ "ተመቸህ" ማለት ነበር፤ "ከሳህ" ደግሞ የበሽታ ጥርጣሬ ነው። የኤችአይቪን ክፉ ዘመን ያየ ትውልድ በስድስት ወር 30 ኪሎ የቀነሰ ሰው ሲያይ ምን እንደሚያስብ አይጠፋችሁም። በዚያ ላይ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ይረግፋል፤ ሰውነት ከድንገቱ ሲያገግምና ፕሮቲኑም ሲሟላ በአብዛኛው ይመለሳል፤ ግን በየሰርጉና በየለቅሶው "ምን ነካሽ?" የሚል ጥያቄ ይዘንባል። ቀልድ አድርገን የምናልፈው ነገር አይደለም። በ2007 በአሜሪካ የዩታ ግዛት የተደረገ ጥናት ቀዶ ጥገናው በጠቅላላው ሞትን በ40 በመቶ እንደቀነሰ፣ በስኳር በሽታ የሚመጣውን ሞት ደግሞ በ92 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በአደጋና ራስን በማጥፋት የሞቱት ግን ከተነጻጻሪዎቹ በ58 በመቶ በልጠው ነው የተገኙት። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስልም። ለዓመታት ኀዘንን በምግብ ያስታግስ የነበረ ሰው ያ በር ሲዘጋበት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። አንዳንዱ ወደ መጠጥ ይሄዳል። ባይፓስ ከተሠራ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ቶሎና በኃይል ነው፤ በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመጠጥ ችግር ያለባቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበረው 7.6 በመቶ በሁለተኛው ዓመት ወደ 9.6 በመቶ ከፍ ማለታቸውን አግኝቷል። ድሮ ሦስት ብርሌ ጠጅ የማይነካት ሴት አሁን በግማሹ ልትሰክር ትችላለች፤ "እሷማ ትችላለች" ብሎ የሚቀዳላት ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የወሊድ ነገርም አለ። ክብደት ሲወርድ ለዓመታት የተዛባው የወር አበባ ይስተካከላል፣ ማርገዝም ይቀላል፤ ሐኪሞች ግን ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እንዳይረገዝ ይመክራሉ፤ ሰውነት በሚከሳበትና ንጥረ ነገር በሚጎድልበት ወቅት ጽንሱም ይጎዳልና። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ እንክብል ላያስተማምን ስለሚችል በክንድ የሚቀበረውን ወይም በማህፀን የሚቀመጠውን ይመርጣሉ። "አሁንማ ቀጠንሽ፣ ልጁስ?" የምትሉ አማቶች፣ እባካችሁ አንድ ዓመት ተኩል ታገሡ።

ሌላው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። "መርፌው ከመጣ ወዲህ ቢላ ምን ያደርጋል?" ይባላል። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በ2021 በታተመው ትልቅ ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ ክብደትን በአማካይ በ15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ለብዙ ሰውም ቀዶ ጥገናውን ያስቀራል። ነገር ግን መድኃኒቱን ያቆሙት በአንድ ዓመት ውስጥ ካወረዱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። በየሳምንቱ መግዛት ለሚችል አንድ ነገር ነው፤ ለማይችል ሌላ። በክርክሬ ላይ ግን ለውጥ አያመጣም፤ መርፌውም የሚሠራው በዚያው በሆድና በአንጎል ንግግር ላይ ነው፣ መርፌ የምትወጋውም ሴት የምትቀመጠው ከዚያው መሶብ ዙሪያ ነው።

የእኔን ሐሳብ በቀጥታ የሚነካ ተቃውሞ ደግሞ አለ፤ ከሁሉም ይህኛው ያሳስበኛል። "ለቤተሰብ ካወራን ምስጢሩ አገር ያዳርሳል፤ ከዚያም እያንዳንዷን ጉርሻ የሚቆጥር ፖሊስ ይበዛል" የሚል ነው። እውነት አለው። ሰው ሰውነቱን ያስነካበትን ምክንያት ለጎረቤት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ሁለት ክብ መለየት ይሻላል። በየቀኑ አብረው የሚበሉት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሁሉን ይወቁ፤ ለሌላው "ጨጓራዬ ታክሞ ነው፣ ብዙ አይስማማኝም" በቂ ነው፤ ውሸትም አይደለም። መቁጠርን በተመለከተ ደግሞ ቤተሰብ የሚጠየቀው ታካሚዋን እንዲጠብቅ ሳይሆን መንገዱን እንዲጠርግላት ነው። ትንሽ ሰሐን ማቅረብ፣ ለስላሳ መጠጡን ከማቀዝቀዣው ማውጣት፣ ከምግብ በኋላ አብሮ ወጣ ብሎ መራመድ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት። በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ ቀዶ ጥገናው እጅግ ተለምዷል፤ በዚያ በሰው ቤት ከሚሠሩ እኅቶቻችን መካከል ለአሠሪዎቻቸው ማዕዱን እንዲህ ሲያመቻቹ የኖሩ አይጠፉም። ለራሳችን ሰው ማድረግ አያቅትም።

የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ምናልባትም ነፍስ የሚያድነው እሱ ነው። ከአገራችን ወደ ህንድና ወደ ቱርክ ሄደው የሚታከሙ አሉ። ሐኪሙ እዚያ ይቀራል፤ ጨጓራው ተሳፍሮ ይመጣል። ቫይታሚኑና ማዕድኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ቢ12 በጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ጉድለቱ የሚታየው ታካሚዋ እንክብሉን ከረሳች ከቆየ በኋላ ነው፤ በእግር መደንዘዝና በደም ማነስ። ብረቱም ከቡናና ከሻይ ጋር አይዋጥም። ከባይፓስ በኋላ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራ ቁስለትና መድማት ያመጣሉ። የስኳርና የግፊት መድኃኒትም በድሮው መጠን ከተቀጠለ ስኳሩ ወይም ግፊቱ አደገኛ ዝቅታ ላይ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ፈጣን ምት፣ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ስፌቱ አፍስሶ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ነገ የሚባል የለም። ለቀናት ያላቋረጠ ትውከት ደግሞ ቲያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1 ይጨርሳል። በቅርብ ያለው ክሊኒክ የሚያስታውክ ሰው ሲመጣለት ወዲያው ግሉኮስ የሚተክልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቲያሚኑ ያለቀበት ሰው ግሉኮስ ብቻውን ሲገባለት ግን አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ ዕይታ ይደበላለቃል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይምታታል። ቲያሚኑ ይቅደም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ጻፉ። የተሠራው ስሊቭ ነው ወይስ ባይፓስ፣ በየትኛው ቀንና የት፣ የሐኪሙ ስልክ፣ የሚወሰዱት ቫይታሚኖች፣ የሚቀጥለው የደም ምርመራ ወር። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል "ዲክሎፌናክ አይሰጥ" እና "ከግሉኮስ በፊት ቲያሚን"። አንዱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፣ አንዱን ታካሚዋ ከመታወቂያዋ ጋር ትያዘው፣ ሦስተኛው አጉራሿ አክስት ዘንድ ይቀመጥ።